የባሌስትራና የሞላ ዕድሜ የሚወሰነው በብረቱ ገጽ ላይ ነው

የጭነት መኪና፣ አውቶቡስ ወይም ሚኒባስ በመንገድ ላይ ሲጓዝ ጎማው የሚገጥመውን ንዝረትና መንገጫገጭ በቀዳሚነት የሚቀበለው የሰስፔንሽን ሥርዓቱ ነው። ባሌስትራ፣ ሞላ፣ የማረጋጊያ ዘንግ፣ ቦል ጆይንትና ሾክ አብዞርበር በአንድነት የተሽከርካሪውን ክብደት ይሸከማሉ፤ ጎማው ከመንገዱ እንዳይለይ ያደርጋሉ፤ ተሽከርካሪውም መሪው ያዘዘውን አቅጣጫ ይዞ እንዲጓዝ ያግዛሉ።

እነዚህ ክፍሎች በአብዛኛው የሚሰበሩት በአንድ ጊዜ በደረሰባቸው ከባድ ጫና ምክንያት አይደለም። ለወራትና ለዓመታት የተደጋገመ አነስተኛ ጫና ቀስ በቀስ ይሰነጥቃቸዋል፤ ስንጥቁም ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከብረቱ የውጭ ገጽ ነው። በመሆኑም የተሽከርካሪ ኢንዱስትሪው የብረቱን ውስጣዊ ጥራት ከማሻሻል ጎን ለጎን የውጭ ገጹን የሚያጠነክሩ ልዩ ልዩ ዘዴዎችን ይጠቀማል። ከዚህ በታች የዘዴዎቹ ምንነትና አሠራር የተብራራ ሲሆን፣ በጋራዥና በመንገድ ዳር ጥገና ወቅት ይህ ጥንካሬ ሳይታወቅ እንዴት እንደሚጠፋና ምን ዓይነት ጥንቃቄ እንደሚያስፈልግም ተመልክቷል።

የብረት ድካም ምንድን ነው?

ቀጭን ሽቦን በእጅ ጎትቶ መበጠስ አዳጋች ነው። ያንኑ ሽቦ ወዲያና ወዲህ ደጋግሞ ማጠፍ ግን በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይሰብረዋል። በምህንድስና ቋንቋ ይህ ክስተት የብረት ድካም ይባላል። ብረቱ በአንድ ጊዜ ሊሸከመው ከሚችለው በእጅጉ ያነሰ ጫና፣ ተደጋግሞ በመምጣቱ ብቻ ብረቱን ለስብራት ይዳርገዋል።

የጉዳዩ አሳሳቢነት ጎልቶ የወጣው በባቡር ዘመን መጀመሪያ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ግንቦት 8 ቀን 1842 ከቬርሳይ ወደ ፓሪስ ይመለስ የነበረ ባቡር የሎኮሞቲቩ የጎማ ዘንግ ተሰብሮ ከሐዲድ ወጣ፤ በተነሳው እሳትም ከ50 በላይ ሰዎች ሕይወታቸው አለፈ። ከዚህ አደጋ በኋላ የአውሮፓ መሐንዲሶች ደህና መስሎ የሚታይ የብረት ዘንግ ለምን በድንገት እንደሚሰበር በስፋት መመርመር ጀመሩ። ጀርመናዊው የባቡር መሐንዲስ አውጉስት ቮለር በ1850ዎቹና በ1860ዎቹ ባደረጋቸው ተከታታይ ሙከራዎች የብረት ዕድሜ በጫናው መጠን ብቻ ሳይሆን ጫናው በሚደጋገምበት ብዛትም እንደሚወሰን አሳየ። ዛሬም የሰስፔንሽን ክፍሎች የሚነደፉት በዚሁ መርህ ላይ በመመሥረት ነው።

ድግግሞሹ ምን ያህል እንደሆነ በቀላል ስሌት መገመት ይቻላል። የአንድ መኪና ባሌስትራ በሰከንድ በአማካይ አንድ ጊዜ ተኩል ቢወዛወዝ በሰዓት 5,400 ጊዜ ይሆናል። መኪናው በቀን 8 ሰዓት፣ በወር 25 ቀን ቢሠራ በአንድ ወር ውስጥ ብቻ ባሌስትራው ከ1 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ይታጠፋል፤ ይዘረጋል። ከእነዚህ ውስጥ አብዛኞቹ ቀላል ንዝረቶች ቢሆኑም፣ ጉድጓድና ፍጥነት መቀነሻ ጉብታ በተሻገረ ቁጥር፣ ጭነትም ከልክ ባለፈ ቁጥር የሚመጡት ከባድ እጥፋቶች በብረቱ ላይ ተጠራቅመው ይቀራሉ።

ስንጥቅ ከገጽ የሚጀምረው ለምንድን ነው?

ለዚህ 2 ዋና ዋና ምክንያቶች አሉ። አንደኛው ጫናው በብረቱ ውስጥ የሚከፋፈልበት መንገድ ነው። አንድ ዝርግ ብረት ሲታጠፍ አንደኛው ፊቱ ይሳባል፤ ሌላኛው ፊቱ ይጨመቃል፤ መካከሉ ግን ብዙም አይነካም። በዚህም መሠረት ከፍተኛው ውጥረት የሚያርፈው በውጭ ገጹ ላይ ነው። የጭነት መኪና ባሌስትራ ከክብደቱ ሥር ሲዘረጋ ወደ ላይ የጎደጎደው የላይኛው ፊቱ ይሳባል። በጥቅል ሞላ ላይ ደግሞ ሽቦው ስለሚጠመዘዝ ከፍተኛው ውጥረት የሚገኘው በጥቅሉ የውስጥ ወገን ባለው ገጽ ላይ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የውጭ ገጹ ለጉዳት የተጋለጠ መሆኑ ነው። ጭረት፣ የጠጠር ምት፣ የዝገት ጉድጓድና በአመራረት ወቅት የተፈጠረ ጉድለት የሚገኙት በዚያው ነው። ከዚህ በተጨማሪ ብረቱ በምድጃ ውስጥ ሲግል የላይኛው ንብርብር ካርቦኑን በአየር ሊያጣ ይችላል። የብረት ጥንካሬ በካርቦን መጠን ላይ የተመሠረተ በመሆኑ ካርቦን ያጣው ስስ ንብርብር ከውስጠኛው ብረት ይልቅ ለስላሳ ይሆናል። በአጭሩ ከፍተኛው ጫና የሚያርፍበትና ደካማ ለመሆን የተጋለጠው ቦታ አንድና ያው ነው።

ስንጥቅን ለመክፈት ብረቱን የሚስብ ኃይል ያስፈልጋል። በሚጨመቅ ብረት ላይ ስንጥቅ አይከፈትም። የገጽ ማጠንከሪያ ዘዴዎች ዋና ሐሳብም በዚህ ላይ ያረፈ ነው፤ የውጭ ገጹን አስቀድሞ በተጨመቀ ሁኔታ ላይ ማቆየት፣ ወይም እጅግ ጠንካራ ማድረግ፣ ወይም ሁለቱንም በአንድነት መፈጸም።

ገጹን በብረት እንክብል መደብደብ

ለባሌስትራና ለሞላ በስፋት ጥቅም ላይ የሚውለው ዘዴ ሾት ፒኒንግ በመባል የሚታወቀው ነው። በዚህ ዘዴ ዲያሜትራቸው ከአንድ ሚሊሜትር የማይበልጥ ወይም በጥቂቱ የሚበልጥ ክብ የብረት እንክብሎች፣ በፍጥነት በሚሽከረከር ጎማ ወይም በታመቀ አየር ኃይል ተወርውረው የብረቱን ገጽ ይመታሉ። በአንድ ባሌስትራ ላይ የሚያርፉት ምቶች እጅግ ብዙ በመሆናቸው ገጹ በጥቃቅን ጎድጓዳዎች ሙሉ በሙሉ ይሸፈናል።

እያንዳንዱ እንክብል ሲያርፍ ከሥሩ ያለው ስስ ንብርብር ወደ ጎን ለመዘርጋት ይገደዳል። ያልተነካው የውስጥ ብረት ግን ቦታ አይለቅለትም። ሁኔታው ለ3 ሰው በተሠራ የታክሲ መቀመጫ ላይ 4 ሰዎች እንደሚቀመጡ ያህል ነው፤ ተሳፋሪዎቹ እርስ በርስ ይጨናነቃሉ፤ በመካከላቸውም ክፍተት ሊፈጠር አይችልም። በተመሳሳይ መልኩ የብረቱ የላይኛው ንብርብር በቋሚነት እንደተጨመቀ ይቀራል።

ጥቅሙን በምሳሌ መመልከት ይቻላል። ጭነት በባሌስትራው የላይኛው ፊት ላይ 700 አሃድ የመሳብ ውጥረት ይፈጥራል እንበል። ገጹ አስቀድሞ በ500 አሃድ ተጨምቆ ከነበረ በትክክል የሚደርስበት የመሳብ ውጥረት 200 አሃድ ብቻ ይሆናል። መኪናው የተሸከመው ጭነት አልተለወጠም፤ ስንጥቅን ለመክፈት የሚሠራው ኃይል ግን በእጅጉ ቀንሷል።

ይህ የተጨመቀ ንብርብር ጥልቀቱ በአብዛኛው ከ0.1 እስከ 0.5 ሚሊሜትር ነው። ይህም ከ1 እስከ 5 የሚደርሱ የጽሕፈት ወረቀቶች ተደራርበው የሚኖራቸው ውፍረት ማለት ነው። ብዙ ቶን የሚሸከም ባሌስትራ ዕድሜው በዚህን ያህል ስስ ንብርብር ላይ የተመካ መሆኑ ለጥገና ሥራ ትልቅ ትርጉም አለው።

ድብደባው በቂ መሆኑን በዓይን ብቻ ማረጋገጥ አይቻልም። ለዚህ ችግር መፍትሔ ያበጀው በጄነራል ሞተርስ የምርምር ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው ጆን አልመን ነው። በአልመን ስም በሚጠራው ዘዴ 76 ሚሊሜትር ርዝመትና 19 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ስስ የሞላ ብረት በጠንካራ መደብ ላይ በ4 ብሎኖች ይታሰራል፤ ከዚያም አንድ ፊቱ ብቻ ይደበደባል። ብሎኖቹ ሲፈቱ የተደበደበው ፊት ለመዘርጋት ስለሚሞክር ብረቱ እንደ ቀስት ይጎብጣል። የጉብጠቱ ከፍታ ተለክቶ የድብደባው ኃይል ይታወቃል። አሠራሩ ኤስ ኤ ኢ ጄ 442 እና ጄ 443 በተባሉት የቴክኒክ ደረጃዎች የተደነገገ ሲሆን፣ ጥራት ያለው የባሌስትራ ፋብሪካ ምርቱን የሚቆጣጠረው በዚህ መለኪያ ነው። ከኃይሉ በተጨማሪ ገጹ ምን ያህል በምት እንደተሸፈነም ይመረመራል፤ በተግባር 98 በመቶ የተሸፈነ ገጽ ሙሉ በሙሉ እንደተሸፈነ ይቆጠራል።

ከፍተኛ ጭነት ለሚሸከሙ ባሌስትራዎች ሥራው አንድ እርምጃ ይጨምራል። ዝርግ ብረቱ በጭነት ሥር እንደሆነ ተቆጥሮ ታጥፎ ይያዛል፤ የሚሳበው ፊቱም በዚያ ሁኔታ እያለ ይደበደባል። ሲለቀቅ ገጹ በተለመደው መንገድ ከሚገኘው የበለጠ የመጨመቅ ውጥረት ይይዛል።

በዚህ አጋጣሚ ድብደባው ዝገትን ወይም ቀለምን ለማንሳት ከሚደረገው የአሸዋ ርጭት ጋር አንድ አለመሆኑን መገንዘብ ይገባል። የአሸዋ ርጭት ዓላማው ማጽዳት ነው። ስለታማ ቅንጣቶች ገጹን ሊጭሩትና ለስንጥቅ መነሻ ሊሆኑ ይችላሉ። ለድብደባ የሚውሉት እንክብሎች ክብና ያልተሰበሩ መሆን የሚኖርባቸው ለዚሁ ሲባል ነው፤ የተሰበሩት እንክብሎች በማሽኑ ውስጥ ዘወትር እየተለዩ ይወገዳሉ።

ለሌሎች ክፍሎች የሚውሉ ዘዴዎች

እያንዳንዱ የሰስፔንሽን ክፍል የሚደርስበት ጫና የተለያየ በመሆኑ የሚመረጥለት ዘዴም ይለያያል።

በኢንዳክሽን ማጠንከር፦ በክፍሉ ዙሪያ በተጠመጠመ የመዳብ ሽቦ ውስጥ ተለዋዋጭ የኤሌክትሪክ ፍሰት ሲያልፍ የብረቱ ገጽ በሰከንዶች ውስጥ ይግላል። ወዲያው በውሃ ወይም በሌላ ፈሳሽ ሲቀዘቅዝ የውጭ ገጹ እጅግ ይጠነክራል፤ ውስጡ ግን እንደነበረ ይቀራል። ለዘንጎችና ለፒኖች ያገለግላል።

ካርቦን ማስረግ፦ ዝቅተኛ ካርቦን ያለው ብረት ከ900 እስከ 950 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚደርስ ሙቀት ካርቦን በበዛበት ጋዝ ውስጥ ለሰዓታት ይቆያል። ካርቦኑ ወደ ገጹ ከሰረገ በኋላ ብረቱ በፍጥነት ይቀዘቅዛል። ገጹ መፋተግን የሚቋቋም፣ ውስጡ ደግሞ ምትን ችሎ የሚታጠፍ ይሆናል። የፊት ጎማ በሚዞርባቸው እንደ ኪንግ ፒን ባሉ ክፍሎች ላይ ይሠራበታል።

ናይትሮጅን ማስረግ፦ በጀርመን የክሩፕ ኩባንያ ተመራማሪ የነበረው አዶልፍ ፍራይ በ1920ዎቹ መጀመሪያ ካዳበራቸው ሥራዎች የሚመነጨው ይህ ዘዴ የሚካሄደው በ500 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሙቀቱ ዝቅተኛ በመሆኑ ክፍሉ ቅርጹን ብዙም አይስትም። ናይትሮጅን ወደ ገጹ ሰርጎ ጠንካራና ዝገትን የሚቋቋም ስስ ንብርብር ይፈጥራል። ለቦል ጆይንት እንዲሁም ለሾክ አብዞርበር ዘንግ ይውላል።

ክሮም መለበጥ፦ የሾክ አብዞርበር ዘንግ አንጸባራቂ የሚሆነው በአብዛኛው ጠንካራ ክሮም ስለተለበጠ ነው። ልባጩ እጅግ ስስ ቢሆንም የዘይት መያዣውን ጎማ ከመበላት ይጠብቃል። በመሆኑም በጥገና ወቅት ዘንጉን በፒንሳ መያዝ አይገባም፤ ትንሽ ጭረት ዘይት እንዲያፈስና ሾክ አብዞርበሩ ከአገልግሎት ውጪ እንዲሆን ምክንያት ይሆናል። የልበጣ ሥራው ራሱ ካንሰር አምጪ የክሮም ውሕዶችን የሚጠቀም ስለሆነ የሠራተኛን ጤናና የፍሳሽ አወጋገድን በጥብቅ መቆጣጠርን ይጠይቃል።

ገጹን መዳመጥ፦ እንደ ቦል ጆይንት አንገት ያሉ የተጠማዘዙ ቦታዎች በጠንካራ ተሽከርካሪ መዳመጫ ተጭነው ይዳመጣሉ። ውጤቱ ከእንክብል ድብደባ ጋር ይመሳሰላል፤ ገጹ ይጨመቃል፤ በተጨማሪም ይለሰልሳል።

ከዝገት የሚጠብቅ ሽፋን

የተጨመቀው ንብርብር ስስ በመሆኑ ዝገት ዋነኛ ጠላቱ ነው። የዝገት ጉድጓድ ንብርብሩን ሰርስሮ ካለፈ ስንጥቁ ካልተጠበቀው ብረት ይጀምራል፤ የድብደባው ጥቅምም በዚያ ቦታ ያበቃል። ስለሆነም ባሌስትራና ሞላ ከተደበደቡ በኋላ በፎስፌት ይታከማሉ፤ ከዚያም በቀለም ወይም በዱቄት ቅብ ይሸፈናሉ። የዱቄት ቅቡ የሚጋገርበት ሙቀት በአብዛኛው 200 ዲግሪ ገደማ ሲሆን፣ የድብደባውን ውጤት የሚያጠፋ ደረጃ ላይ አይደርስም። የሥራዎቹ ቅደም ተከተል የሚወሰነውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ከፍተኛ ሙቀት የሚጠይቀው ይቀድማል፣ ድብደባው ይከተላል፣ ቅቡ የመጨረሻው ይሆናል።

በጠንካራ አሲድ ዝገትን ማጽዳትም የተለየ ጥንቃቄ ይጠይቃል። አሲዱ ከብረት ጋር ሲዋሐድ የሚፈጠረው ሃይድሮጅን ወደ ብረቱ ይገባል፤ ከፍተኛ ጥንካሬ ያለውን የሞላ ብረትም ተሰባሪ ያደርገዋል። ክፍሉ ንጹሕና አዲስ መስሎ እየታየ ከቀናት በኋላ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊሰበር ይችላል።

ጥንካሬውን የሚያጠፉ ልማዳዊ አሠራሮች

ባሌስትራ በፋብሪካ ሲሠራ በ850 ዲግሪ ገደማ ግሎ በዘይት ውስጥ ይነከራል፤ ቀጥሎም ከ400 እስከ 500 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት ረግቦ ጥንካሬና ተለጣጭነት እንዲመጣጠኑለት ይደረጋል። የእንክብል ድብደባው የሚከናወነው ከዚህ በኋላ ነው። ድብደባው የፈጠረው የመጨመቅ ውጥረት ብረቱ ከ250 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ መላላት ይጀምራል፤ ሙቀቱ በጨመረ ቁጥርም ይጠፋል።

በአገራችን የጎበጠበት ቅርጽ የጠፋ ወይም የተኛ ባሌስትራን በእሳት አግሎ፣ በመዶሻ ቀጥቅጦ ወደ ቀድሞ ቅርጹ መመለስ የተለመደ ነው። አዲስ መለዋወጫ ውድ በመሆኑና መኪናው ሥራ ፈትቶ በቆመ ቁጥር ባለንብረቱ ገቢ ስለሚያጣ ይህን አማራጭ መምረጡ የሚያስገርም አይደለም። ይሁን እንጂ ብረት በዓይን ቀይ ሆኖ ሲታይ ሙቀቱ 500 ዲግሪ አልፏል። በዚያ ደረጃ የድብደባው ውጤት ጠፍቷል፤ የፋብሪካው የማርገብ ሥራም ተሽሯል። የጋለው ብረት በአየር ላይ ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ለስላሳ ይሆንና ዳግም በአጭር ጊዜ ይተኛል። በውሃ ሲነከር ደግሞ ሊሰነጠቅ ወይም እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ሊሆን ይችላል።

አገልግሎቱን የጨረሰ ባሌስትራ በየአካባቢው ባለ እጆች ዘንድ ማረሻ፣ ማጭድና ቢላዋ ለመሥራት የሚፈለገው የብረቱ ይዘት ጥሩ ስለሆነ ነው። ባለ እጁ ብረቱን አግሎ ሲቀጠቅጠው ሌላ ዕቃ ይሠራል፤ ለዚያም ዕቃ የሚስማማ ጥንካሬ ይሰጠዋል። ያው እሳት ተመልሶ መኪና ላይ በሚታሰር ባሌስትራ ላይ ሲያርፍ ግን የሚያስከትለው ውጤት የተለየ ነው፤ ማረሻ ቢሰበር የሚስተጓጎለው የዕለት ሥራ ነው፤ የአውቶቡስ ባሌስትራ ቢሰበር ግን አደጋው በተሳፋሪዎች ላይ ነው።

ከዚህ በተጨማሪ የሚከተሉት ተግባራት ተመሳሳይ ጉዳት ያደርሳሉ፦

- የተሰበረ ባሌስትራን ወይም ሞላን በብየዳ መቀጠል። ብየዳው የያዘ ቢመስልም በዙሪያው ያለው ብረት ተሰባሪ ይሆናል።
- በባሌስትራ አቅራቢያ ሲበየድ የኤሌክትሪኩን የመሬት ሽቦ በባሌስትራው ላይ ማሰር፣ ወይም የብየዳ ፍንጣሪ እንዲያርፍበት መተው። አንዲት ፍንጣሪ የምትፈጥረው ጠንካራ ነጥብ ለስንጥቅ መነሻ ትሆናለች።
- የማይፈታ ብሎንን ለማላቀቅ ባሌስትራውን ጭምር በእሳት ማሞቅ።
- ገጹን በግራይንደር መፋቅ። መፍጫው ስሱን ንብርብር በሙሉ ሊያነሳው ይችላል።
- ሞላን በእሳት ቆርጦ ማሳጠር።
- የመጫን አቅምን ለመጨመር ሲባል ምንጩ ያልታወቀ ዝርግ ብረት በባሌስትራው ላይ መደረብ። ይህ ጫናውን ወደ ሻንሲውና ወደ ጎማው ዘንግ ከማስተላለፉም በላይ የፍሬን አቅም አብሮ ስለማይጨምር አደጋው ድርብ ይሆናል።

ለትራፊክ ደህንነት ያለው ፋይዳ

የዋናው ባሌስትራ መሰበር የጎማውን ዘንግ ከቦታው ሊያንሸራትት ይችላል። በዚህ ጊዜ ተሽከርካሪው ወደ አንድ ወገን ይጎትታል፤ ጎማው ከአካሉ ጋር ይፋተጋል፤ የፍሬን ቱቦም ሊበጠስ ይችላል። በጎሃ ጽዮንና በደጀን መካከል እንዳለው የዓባይ በረሃ ባሉ ረጅም ቁልቁለቶች ላይ ሲከሰት አሽከርካሪው ስህተቱን ለማረም የሚያገኘው ጊዜ እጅግ አጭር ነው።

የአገራችን የመንገድና የአየር ሁኔታም በክፍሎቹ ላይ የሚያሳድረው ጫና ከፍተኛ ነው። ወደ ጅቡቲ ወደብ የሚመላለሱ ከባድ ተሽከርካሪዎች ከደጋው ብርድ ወደ አፋር ሙቀት ይወርዳሉ፤ በባሕር ዳርቻው ደግሞ ጨው ያዘለ አየር ያገኛቸዋል። በጠጠር መንገድ የሚሠሩ ሚኒባሶችና መካከለኛ የጭነት መኪናዎች የሚፈናጠር ድንጋይ ቅባቸውን እየላጠ ለዝገት ያጋልጣቸዋል። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ ቁጥራቸው እየጨመረ የመጣው የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎግራም የሚመዝን ባትሪ ስለሚሸከሙ ለክብደታቸው የተመደበውን ትክክለኛ ሞላና ሾክ አብዞርበር መጠቀም ይኖርባቸዋል።

ከባለንብረቶች፣ ከአሽከርካሪዎችና ከጋራዦች የሚጠበቅ

አሽከርካሪዎች ከጉዞ በፊት ባሌስትራውን በዓይን ቢመለከቱ ብዙ ምልክቶችን አስቀድመው ማግኘት ይችላሉ። መኪናው በጠፍጣፋ መሬት ላይ ቆሞ ወደ አንድ ወገን ማዘንበሉ፣ ከዝርግ ብረቶቹ አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ መውጣቱ፣ በብረቱ ላይ ቀጭን የዝገት መስመር መታየቱ ወይም አዲስ የመንቋቋት ድምፅ መሰማቱ ምርመራ እንደሚያስፈልግ ያመለክታሉ። በተለይ መካከለኛው ብሎን የሚያልፍበት ቀዳዳ አካባቢ ስንጥቅ ስለሚበዛበት በትኩረት መታየት አለበት። የሚያቅፉት ብሎኖች ከላሉ ዝርግ ብረቶቹ እርስ በርስ እየተፋተጉ ገጻቸው ስለሚበላ፣ ብሎኖቹ በአምራቹ በተወሰነው ልክ መጥበቃቸው በየጊዜው ሊረጋገጥ ይገባል። ጭቃና ጨው በውሃ መታጠብ፣ የተላጠ ቅብ ደግሞ ብረቱ ሳይፋቅ ጸድቶ እንደገና መቀባት ይኖርበታል።

መለዋወጫ በሚገዛበት ጊዜ የአምራቹ ስምና የምርት መለያ ቁጥር በግልጽ የተጻፈበትን መምረጥ ተገቢ ነው። ከቅቡ ሥር ወጥ በሆነ መልኩ የተሠራጩ ጥቃቅን ጎድጓዳዎች መኖራቸው ክፍሉ በእንክብል ለመደብደቡ አንድ ምልክት ነው። ሆኖም ድብደባው በልኩ ስለመሆኑ ዋናው ማስረጃ የአምራቹ የጥራት ሰነድ በመሆኑ፣ በብዛት የሚገዙ የትራንስፖርት ማኅበራትና ድርጅቶች ሰነዱን ከአቅራቢዎች መጠየቅ ይጠበቅባቸዋል። ያገለገለ ባሌስትራ ሲገዛ ደግሞ በእሳት የተጠቆረ ወይም የተለዋወጠ ቀለም፣ የብየዳ ጠባሳና የመዶሻ ምት መኖር አለመኖሩ ይታይ።

ጋራዦች የተሰበረን ዝርግ ብረት ከመበየድ ይልቅ በተመሳሳይ ውፍረትና ዓይነት እንዲተኩት፣ የአንድ ወገን ባሌስትራ ወይም ሞላ ሲለወጥም ሚዛን እንዳይዛባ የሌላኛውን ወገን አብረው እንዲመረምሩ ይመከራል። የተኛ ባሌስትራን ማደስ የግድ ከሆነ ሥራው መጠናቀቅ ያለበት ሙቀቱ በመሣሪያ በሚለካበት ምድጃ፣ በዘይት ነከራ፣ በማርገብና በመጨረሻም በእንክብል ድብደባ ነው። ከእነዚህ ደረጃዎች አንዱ የጎደለው ዕድሳት ቅርጹን እንጂ ጥንካሬውን አይመልስም።

ሥራው ለአገር ውስጥ ኢንዱስትሪም ዕድል ይከፍታል። የእንክብል መደብደቢያ ማሽን፣ የሙቀት መቆጣጠሪያ ያለው ምድጃና የአልመን መለኪያ ከሠለጠነ ባለሙያ ጋር ሲጣመሩ ዛሬ በግምት የሚሠራውን የባሌስትራ ዕድሳት በልኬት ወደሚመራ ሙያ ማሸጋገር ይቻላል። የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ ተቋማት የብረት ድካምንና የገጽ ማጠንከርን ምንነት በአውቶሞቲቭና በብየዳ ሥልጠናዎቻቸው ውስጥ በተግባር ቢያካትቱ፣ በነገው ጋራዥ ውስጥ እሳት ወደ ባሌስትራ ከመቅረቡ በፊት የሚጠይቅ ባለሙያ ይኖራል።

ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ አልፎ ቦሎ መለጠፍ ተሽከርካሪው በዚያ ቀን የነበረበትን ሁኔታ ብቻ ያሳያል። በቀሪዎቹ ቀናት የተሳፋሪዎችን ደህንነት የሚጠብቀው የባለንብረቱ፣ የአሽከርካሪውና የመካኒኩ የዕለት ተዕለት ጥንቃቄ ነው። ከግማሽ ሚሊሜትር የማይበልጠውን የብረት ገጽ ከእሳት፣ ከመፍጫ፣ ከዝገትና ከትርፍ ጭነት መጠበቅ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ የሚያድነው ግን ንብረትንና የሰው ሕይወትን ነው።